የማይመለሰው የቪዛ ብር

ዛሬም ደሴ ፒያሳ ያሉ ኢንተርኔት ቤቶች የቪዛ ቅጽ በሚያስሞላ ሰው ተጨናንቀው ዋሉ። የአሜሪካ ጉብኝት ቪዛ 185 ዶላር፣ የሼንገን (የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) 90 ዩሮ፤ ቢፈቀድም ቢከለከልም አይመለስም። ክፍያው ለምርመራው ነው ይላሉ፤ ይሁን። ግን ለብዙ የወሎ አስተማሪ ከወር ደመወዙ ይበልጣል፣ ለቀጠሮ አዲስ አበባ ድረስ የሚኬደው 400 ኪሎ ሜትር ሳይቆጠር። ይሄ ፍትሐዊ አይደለም።

ሼንገን ሲከለክል ምክንያቱን ጽፎ ይሰጣል፣ ይግባኝም አለው። የአሜሪካው በ214(ለ)፣ ማለትም ‘ወደ አገሩ እንደሚመለስ አላሳመነም’ በሚባልበት የሕግ አንቀጽ ከሆነ ይግባኝ የለም፤ ድጋሚ ማመልከት ድጋሚ መክፈል ነው።

ወገን፣ ቀጠሮ ሲደርስ ተበድሮ ባንክ ማስገባት ይቅር! የሚታየው ቀሪ ሂሳቡ ብቻ ሳይሆን የወራት እንቅስቃሴው ነው። በ3000 ብር ሲንቀሳቀስ የከረመ ደብተር ድንገት 400,000 ሲገባበት ያስጠረጥራል። የአሜሪካው ቪዛ የክፍያ ደረሰኝም ከተከፈለ በ365 ቀን ውስጥ ቀጠሮ ካልተያዘበት ይቃጠላል።