ሰው የመቁጠር ሥራ፦ በዘንዶ ጀልባ ክለብ በጎ ፈቃደኛ ስለመሆን

የዘንዶ ጀልባ ቀዘፋን ከዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው በመጀመሪያ ዓይኑን የሚስበው ከጀልባው ፊት የተተከለው የዘንዶ ጭንቅላት፣ ቀጥሎም የከበሮው ድምፅና በአንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ የሚገቡት ሃያ መቅዘፊያዎች ናቸው። እኔ ግን በማኅበረሰብ ክለብ ውስጥ በበጎ ፈቃደኝነት ማገልገል ከጀመርኩ ወዲህ አስቀድሜ የምመለከተው ሌላ ነገር ነው፤ ጀልባው ሲነሣ ስንት ሰው ይዞ እንደወጣ፣ ሲመለስም ስንት ሰው ይዞ እንደተመለሰ የሚቆጥር ሰው መኖር አለመኖሩን አያለሁ። በእኔ እምነት የአንድ ክለብ ጥራት ከሜዳልያዎቹ ይልቅ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ስፖርቱ መነሻው ቻይና ነው። በጨረቃ አቆጣጠር በአምስተኛው ወር በአምስተኛው ቀን የሚከበረው በዓል፣ ባለቅኔው ቹ ዩዋን ራሱን ሚሉዎ ወንዝ ውስጥ በጣለ ጊዜ የአካባቢው ሰዎች ሊያድኑት በጀልባ ተሯሩጠው መውጣታቸውን ያስታውሳል ይላል ትውፊቱ። እንግዲህ በትውፊቱ መሠረት ቀዘፋው የተጀመረው ለእሽቅድምድም ሳይሆን አንድን የጠፋ ሰው ለመፈለግ ነበር፤ ይህን ለአዳዲስ በጎ ፈቃደኞች መንገር ደስ ይለኛል። ዘመናዊው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1976 በሆንግ ኮንግ ዓለም አቀፍ መልክ መያዝ ሲጀምር፣ ዓለም አቀፉ የዘንዶ ጀልባ ፌዴሬሽን ደግሞ በ1991 ተቋቋመ።

መደበኛው ጀልባ 12 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ባዶውንም 250 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በ10 ረድፍ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚቀመጡ 20 ቀዛፊዎች፣ ከፊት የሚቀመጠው ከበሮ መቺ እና ከኋላ ቆሞ ረጅሙን መቅዘፊያ የሚይዘው መሪ ሲጨመሩበት ክብደቱ ወደ 2 ቶን ይጠጋል፤ የጀልባው ጠርዝም ከውሃው ብዙ ከፍ አይልም። ስለዚህ በግራና በቀኝ የሚቀመጡት ሰዎች ክብደት ካልተመጣጠነ ጀልባው ገና ከመሳፈሪያው ሳይርቅ ያጋድላል። በብዙ ክለቦች ይህን የማመጣጠን ሥራ የሚሠራው ወረቀትና እርሳስ ይዞ መሳፈሪያው ላይ የሚቆም በጎ ፈቃደኛ ነው። ሰውን ክብደቱን መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ አዲስ የመጣ ሰው በሌሎች ፊት ሲጠየቅ ያፍራል፣ አንዳንዱም በዚያው ይቀራል። በዚህ ምክንያት ሁሉም ሰው ቁጥሩን በምዝገባው ጊዜ ለብቻው ጽፎ እንዲሰጥ፣ በመሳፈሪያው ላይ ግን ቦታው ብቻ እንዲነገረው አጥብቄ እመክራለሁ።

ስለ ከበሮው ጥቂት መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉ ይበልጥ በተሳሳተ መንገድ የሚታየው ይህ ቦታ ነው። ብዙ ሰው ቀዛፊዎቹ ከበሮውን ተከትለው የሚቀዝፉ ይመስለዋል። ነገር ግን በተለማመደ ቡድን ውስጥ የቀዘፋውን ፍጥነት የሚወስኑት ከፊተኛው ረድፍ የተቀመጡት ሁለት ቀዛፊዎች ሲሆኑ፣ ከበሮ መቺው የእነርሱን ምት አንሥቶ ከኋላ ላሉት ያደርሳል። በዚህም ላይ ከበሮ መቺው ፊቱን ወደ ጀልባው ኋላ አዙሮ ስለሚቀመጥ የሃያውንም ቀዛፊ ፊት ፊት ለፊት የሚያይ እርሱ ብቻ ነው። ቀዛፊዎቹ ከፊታቸው ያለውን ሰው ጀርባ ነው የሚያዩት፤ መሪው የሁሉንም ጀርባ ያያል፤ ትንፋሽ ያጠረውን፣ ፊቱ የገረጣውን፣ ትከሻውን አሞት ጥርሱን ነክሶ የሚቀዝፈውን ሰው ለማየት የሚችለው ከበሮ መቺው ነው። ስለዚህ ቦታውን ለሚመጣ ለማንኛውም ቀላል ክብደት ላለው ሰው ዝም ብሎ መስጠት ትክክል አይመስለኝም። እዚያ የሚቀመጠው በጎ ፈቃደኛ የቀዛፊዎቹን ስም ማወቅ፣ ከመካከላቸው የጤና ችግር እንዳለበት የነገረው ሰው ካለም በልቡ መያዝ፣ አንድ ነገር ባየ ጊዜም ሳያመነታ ለመሪው መናገር አለበት። ማየት የተሳናቸው ቀዛፊዎች በሚሳተፉበት ቡድን ደግሞ የከበሮው ድምፅና የጀልባው እንቅስቃሴ የዓይንን ሥራ ስለሚሠሩ፣ የከበሮ መቺው ንቃት ይበልጥ ያስፈልጋል።

የመሪው ቦታ ግን በበጎ ፈቃድ ብቻ የሚያዝ አይደለም። «ተዘጋጁ»፣ «ቅዘፉ»፣ «አቁሙ»፣ «ወደ ኋላ ቅዘፉ» የሚሉትን ትእዛዞች የሚሰጠው፣ ነፋሱንና ማዕበሉን የሚያነበው፣ ሌላ ጀልባ ሲቀርብ የሚወስነው እርሱ ስለሆነ በቂ ሥልጠና ሳያገኝ ሰው የተሞላበት ጀልባ ሊሰጠው አይገባም። ክለቦች መሪ በጠፋ ቀን «አንተ ሞክረው» ለማለት የሚገጥማቸውን ፈተና አውቃለሁ፤ ቢሆንም የዚያን ቀን ልምምድ መሰረዝ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ የሚያስገድደው ውሃው ነው፤ በተለይም ቀዝቃዛ ውሃ። በቀዝቃዛ ውሃ ደኅንነት ትምህርት «1፣ 10፣ 1» የሚባል መመሪያ አለ፦ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ፣ እጁና እግሩ ሳይዝሉ ራሱን ለመርዳት 10 ደቂቃ፣ ከሰውነት ሙቀት መቀነስ የተነሣ ራሱን እስኪስት ድረስ ደግሞ 1 ሰዓት ያህል አለው። ሰዎች የሚፈሩት የመጨረሻውን ነው፤ ነገር ግን የሕይወት አድን ጃኬት ያላጠለቀ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ሳይፈልግ አየር ሲስብ ውሃ ሊውጥ ይችላል። ጃኬቱን መስጠት ብቻ ሳይሆን ማሰሪያው መጥበቁን በእጅ ስቦ ማረጋገጥ የመሳፈሪያው በጎ ፈቃደኛ ሥራ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ጀልባው ከተገለበጠ ሁሉም ሰው በመጀመሪያ ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው ይፈልጋል፤ ወደ ዳር ለመዋኘት ሳይሞክርም ጀልባውን ይዞ ይቆያል፤ መሪውም ቁጥር እንዲጠሩ ያዛል። ይህ ቆጠራ ትርጉም የሚኖረው ጀልባው ሲነሣ ስንት ሰው እንደነበረ በእርግጠኝነት የሚታወቅ ከሆነ ነው። ሲነሣ 19 ይሁን 20 ያልታወቀ ጀልባ በተገለበጠ ጊዜ፣ ነፍስ አድን ጀልባው ላይ ያለው ሰው ፍለጋውን መቼ ማቆም እንዳለበት ሊያውቅ አይችልም።

በዚህ ስፖርት ውስጥ ከማንም በላይ የማከብራቸው ከጡት ካንሰር የተረፉ ሴቶች ቡድኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 በካናዳ ቫንኩቨር የስፖርት ሐኪሙ ዶን ማኬንዚ ከዚህ በሽታ የተረፉ 24 ሴቶችን አሠልጥነው በዘንዶ ጀልባ አስቀዘፏቸው። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያሉ ሴቶች በክንዳቸው ብርቱ ሥራ ከሠሩ ክንዳቸው ሊምፍ በሚባለው የሰውነት ፈሳሽ ያብጣል ተብሎ በሰፊው ይታመን ነበር፤ ሙከራው ግን ቀስ በቀስና በጥንቃቄ የተሰጠ ልምምድ ያን ጉዳት እንዳላመጣ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ቡድኖች በብዙ አገሮች ተቋቁመው እ.ኤ.አ. በ2010 ዓለም አቀፍ ኮሚሽን መሠረቱ። ከእንዲህ ያለ ቡድን ጋር የሚሠራ በጎ ፈቃደኛ ትዕግሥትን ይማራል፤ ጀልባውን ከመደርደሪያው አውርዶ ውሃ ዳር ማድረስን የመሰለውን ከባድ ሥራ ይሸከማል፣ የትኛዋ ሴት በየትኛው ጎን መቅዘፍ እንደሚመቻት ይጠይቃል፣ ደከመኝ ያለችውን አይከራከርም።

የሚያሳዝነኝ ነገር በብዙ ቦታ ይህ ሥራ በሦስትና በአራት ሰዎች ትከሻ ላይ መውደቁ ነው። ቀዛፊዎች ልምምዱ እንዳለቀ ጃኬታቸውን ጥለው ይሄዳሉ፤ እነዚያው ጥቂት ሰዎች ይሰበስባሉ፣ ውሃውን ከጀልባው ይጨልፋሉ፣ መቅዘፊያዎቹን ይቆጥራሉ፣ ዓመት ሳይሞላም ታክተው ይተዋሉ። ይህን ለመለወጥ የማውቀው መንገድ ሥራውን በተራ መሥራት ነው፤ ለውድድር የሚመረጥ ማንኛውም ቀዛፊ፣ የቡድኑ ጠንካራ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ በየወቅቱ በመሳፈሪያው ላይ ተራውን ይቁም። ዝርዝሩን ይዞ ሰው የቆጠረ ቀዛፊ በሚቀጥለው ቀን ጀልባ ውስጥ ሲቀመጥ ቁጥር ሲጠራ ጮክ ብሎ ይመልሳል፤ ይህን ለውጥ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ለማገልገል የሚያስብ ሰው መቅዘፍ መቻል አያስፈልገውም። ወደ ክለቡ ሲሄድ ግን ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ጥሩ ነው፦ ወደ ውሃ የሚወጡትን ሰዎች ዝርዝር ማን እንደሚይዝ፣ መሪዎቹ በምን ሥልጠና እንዳለፉ፣ ጀልባ ቢገለበጥ ምን እንደሚደረግ ቡድኑ መቼ እንደተለማመደ። ግልጽ መልስ ካገኘ በመጀመሪያው ቀን ዝርዝሩን ከያዘው ሰው አጠገብ ይቁም።