ስምንቱን ሁለቴ፣ ስምንቱን አንዴ

የአውስትራሊያን ራግቢ ሊግ ስከታተል ከደረጃ ሰንጠረዡ በፊት የማየው መርሃ ግብሩን ነው። በ2025 የሊጉ ዋና ውድድር በሆነው በኤንአርኤል 17 ክለቦች ነበሩ፤ እያንዳንዱ 24 ጨዋታ አደረገ። ተጋጣሚው ግን 16 ነው። ስለዚህ ስምንቱን ሁለቴ፣ ስምንቱን አንዴ ብቻ ይገጥማል። ጠንካሮቹ ሁለቴ የደረሱት ክለብ ምን ይበል? ዕድሉ ነዋ!

አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ የሚከፍለውን የሚገድበው የደመወዝ ጣሪያ ሀብታም ክለብ ኮከቦችን ሁሉ እንዳይጠቀልል ይረዳል። (ፔንሪዝ የተባለው ክለብ ጣሪያው እያለም ከ2021 እስከ 2024 በተከታታይ አራት ዋንጫ ወስዷል። አጃኢብ ነው።)

እኔን የሚያበሽቀኝ የስቴት ኦፍ ኦሪጅን ሰሞን ነው። ኩዊንስላንድና ኒው ሳውዝ ዌልስ የተባሉት ሁለት ግዛቶች በዚህ ውድድር በምርጥ ቡድኖቻቸው ሲፋለሙ ክለቦች ምርጦቻቸውን ይሰጣሉ፤ ሊጉ ግን ሙሉ በሙሉ አይቆምም። ብዙ ያስመረጠ ክለብ አንዳንዴ በተረፉት ልጆች ሜዳ ይገባል። ጎበዝ ማፍራት ያስቀጣል እንዴ? በዚያ ሳምንት ዕረፍት የደረሰው ክለብ ደግሞ ኳስ ሳይነካ ሁለት ነጥብ ይይዛል።