2 ኪሎ ተኩል ሰደርያ ይዤ ወደ ታጁራ

ጀልባዋ ከጅቡቲ ወጥታ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ወዳለችው ሙሻ ደሴት ስታቀና ጠዋት 2 ሰዓት ሊሆን ነው። ባሕሩ ረግቷል። ሰደርያዬን ከሻንጣ አውጥቼ ጭኔ ላይ ዘረጋኋት። ገና የሱቅ ሽታዋ አልለቀቃትም።

ሰደርያ የምላት ጠላቂዎች ቢሲዲ የሚሏትን ነው። የምንተነፍሰው አየር ያለበት ሲሊንደር ከጀርባዋ ይታሰራል፣ ውስጧ አየር ይሞላል። አየር ስንጨምርባት ታነሳናለች፣ ስናስወጣላት ዝቅ እንላለን። ዳይቪንግ ልጀምር የሚል ሰው ሁሉ ስለ ማስክና እግር ላይ ስለሚጠለቀው መቅዘፊያ፣ ስለ ፊን፣ ይጠይቀኛል። ስለ ሰደርያ የጠየቀኝ የለም። እኔ ግን ካለፈው ጉዞዬ ወዲህ ሳስብ የከረምኩት ስለ እሷ ነው።

ያኔም የመጣሁት እዚሁ ጅቡቲ ነበር። ዕቃ በሙሉ ተከራየሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ነው፣ ክብደቴ 54 ኪሎ። የሰጡኝ ሰደርያ የግዙፍ ሰው ልክ ነበር። «ቀበቶውን ጠበቅ ካደረግሽው ይሆንሻል» አሉኝ። አልሆነኝም። ውሃው ላይ ሆኜ አየር ስሞላው ሰደርያው ብቻውን ወደ ላይ ሄደ፣ እኔ ታች ቀረሁ። ትከሻው ጆሮዬ ጋ ደረሰ። አገጬ ማሰሪያው ውስጥ ተቀረቀረ። ስጠልቅ ደግሞ ሲሊንደሩ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየወደቀ ያገላብጠኛል።

የባሰው የመጣው 6 ሜትር ላይ ነው። የአየር መሙያውን ቁልፍ ጫን አድርጌ ስለቀው አልመለስ አለ። ጨው ይዞታል። አየሩ ያለ ማቋረጥ እየገባ ወደ ላይ ይጎትተኝ ጀመር። ትንፋሽ ይዞ በፍጥነት መውጣት ሳንባን ሊጎዳ እንደሚችል ተምሬያለሁ፤ ስለዚህ ያለኝን አየር ሁሉ እያስወጣሁ የሰደርያውን አየር የሚያስወጣውን የማስተንፈሻ ገመድ በእጄ ፈለግኩ። ገመዱ የት እንዳለ አላውቅም። የራሴ ዕቃ አይደለማ! መሪያችን ደርሶ ክንዴን ያዘኝ፣ ገመዱን ሳበ፣ የመሙያውን ቱቦ ነቀለው። ምናልባት 5 ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሲነጋ፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ ቢቀር ሰደርያ ግን የራሴ ይኑረኝ ብዬ ወሰንኩ።

እህቴ ዱባይ ነው የምትሠራው። እሷን ልጠይቅ ሄጄ በዕረፍት ቀኗ አብረን የዳይቪንግ ሱቅ ገባን። እህቴ ዓይኗ ያረፈው ወፍራሙ ላይ ነው። «ይሄን ውሰጂ፣ ኪሱም ብዙ ነው፣ ትራሱም ይመቻል» አለችኝ። አነሳሁት። 4 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ትራሱን ስጫነው ደግሞ ውስጡ ስፖንጅ ነው። ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል፤ በአንድ ሌሊትም አይደርቅም። ጉዞው ሲያልቅ የባሕር ውሃ ተሸክሜ አውሮፕላን ልሳፈር ማለት ነው።

ሻጩ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የት እንደምጠልቅ ጠየቀኝ። ሙቅ ውሃ፣ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመጥለቂያ ልብስ፣ አንድ የአሉሚኒየም ሲሊንደር አልኩት። «እንግዲያው ብዙ የማንሳት አቅም ያለው አያስፈልግሽም» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተለመደው 11 ሊትር የአሉሚኒየም ሲሊንደር ሲሞላ ውስጡ ያለው አየር ብቻውን ከ2 ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናል። ስንጠልቅ ያንን ክብደት ይዘን ነው የምንወርደው። ልብሳችንም ጥልቀቱ ሲጨምር ይጨመቃል፤ ተንሳፋፊነቱ ይቀንሳል። ቀጭን ልብስ ግን ሲጀመርም ብዙ ስለማይንሳፈፍ የሚያጣው ጥቂት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ሰደርያው 10 ኪሎ ማንሳት ከቻለ ለሙቅ ውሃ ይበቃል። የኔዋ መለያ ላይ 130 ኒውተን ይላል፤ 13 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በ7 ሚሊሜትር ልብስና በሁለት የብረት ሲሊንደር የሚጠልቅ ሰው ከዚህ በጣም የሚበልጥ ያስፈልገዋል። እኔ ለዚያ ሰው የተሠራውን ተሸክሜ ጅቡቲ ምን አደርጋለሁ?

ቀጥሎ የአየር ከረጢቱ የት ይሁን የሚለው መጣ። የተለመደው ጃኬት አየሩ በጎንና በሆድ ዙሪያ ይሞላል። ውሃው ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆማል፣ ለጀማሪ ደስ ይላል። ሲሞላ ግን ጎድን ይጨምቃል። ከጀርባ ብቻ የሚሞላው ደግሞ ውሃ ውስጥ እንደ ዓሣ አግድም ያስተኛል፤ ላይ ሲወጡ ግን አየር ከበዛበት በግንባር ሊደፋ ይሞክራል። ከብረት ሰሌዳ ጋር የሚታሰረው ክንፍ የሚባለውም አለ። እሱን የሚወዱ ሰዎች ሌላ አይነኩም፣ እውነት አላቸው፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የብረት ሰሌዳው ብቻውን ግን 2 ኪሎ ተኩል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይመዝናል። ለአውሮፕላን መንገደኛ የአሉሚኒየሙ ይሻለዋል። እኔ ከጀርባ የምትሞላ፣ ያለ ሰሌዳ የምትታጠፍ፣ 2 ኪሎ ተኩል የምትመዝን የጉዞ ሰደርያ መረጥኩ።

መምረጥ ብቻውን አልበቃኝም። የምጠልቅበትን ልብስ ይዤ ስለነበር እሱን ለብሼ ላዩ ላይ ሞከርኳት። እህቴን «ማሰሪያዎቹን በሁለት እጅሽ ወደ ላይ ሳቢኝ» አልኳት። በኃይል ሳበችኝ። ሰደርያዋ ጆሮዬ ጋ አልመጣችም፤ እኔ ራሴ በእግሬ ጣት ቆምኩ። ጢም አድርጌ ሞልቼ በረጅሙ ተነፈስኩ፤ ደረቴን አልያዘችኝም። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ የማስተንፈሻዎቹን ገመዶች ፈለግኩ። የትከሻው በቀኝ ከአንገቴ ዝቅ ብሎ፣ የታችኛው በቀኝ ወገቤ ላይ። እጄ እስኪለምድ ደጋገምኩት። ለመስጠም የምንይዘው የእርሳስ ብረት የሚገባባቸውን ኪሶችም መዝዤ አየሁ፤ በአንድ ጉተታ ይወጣሉ። በመጨረሻ እንደተሞላች ጠረጴዛው ላይ ትተናት ሻይ ልንጠጣ ወጣን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስንመለስ እንደተወጠረች ናት። «የምትጠጫት ይመስል መረመርሻት» አለችኝ እህቴ። ይገባታል፤ የ6 ሜትሩን ነገር ነግሬያታለሁ።

አዲስ አበባ ተመልሼ አንድ ሆቴል መዋኛ ገንዳ ውስጥ ስንት ኪሎ እርሳስ እንደሚያስፈልገኝ ለካሁ። ሰደርያዋን ባዶ አድርጌ፣ ትንፋሼን በመጠኑ ይዤ፣ ውሃው ዓይኔ ጋ ልክ እስኪቆም ድረስ እርሳስ ጨመርኩ። የባሕር ውሃ ከገንዳ ውሃ ስለሚከብድ የበለጠ ያንሳፍፋል፤ ለኔ ሰውነትና ዕቃ 2 ኪሎ ያህል መጨመር አለብኝ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከሲሊንደሩ የምተነፍስበትን ዕቃ፣ ሬጉሌተሩን፣ ከሻንጣ አውጥቼ በእጅ ቦርሳ ያዝኩ፣ የእጅ ቦርሳው ከ7 ኪሎ እንዳያልፍ እየመዘንኩ።

እነሆ ሙሻ። ወደ ኋላ ተገልብጬ ገባሁ። አየሩን ሳስወጣ ቀስ ብዬ ወረድኩ። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይኛው እጥፍ ነው፤ ሰደርያው ውስጥ ያለው አየር ተጨምቆ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ እየወረዱ በጥቂት በጥቂቱ መሙላት ነው። ቁልፉን ነካ አደረግኩት፤ ፍስስ አለና ወዲያው ተመለሰ። ደግሜ ነካሁት። ተመለሰ። ሰውነቴ የዚያን ጊዜ ነው የተፍታታው።

12 ሜትር ላይ ከኮራሉ አንድ ክንድ ከፍ ብዬ ቆምኩ። አልዋኘሁም፣ ፊኔን አላንቀሳቀስኩም። ስተነፍስ ትንሽ ከፍ፣ ሳስወጣ ትንሽ ዝቅ እላለሁ። ሁለት ቢጫ ቢራቢሮ ዓሦች ኮራሉን እየለቀሙ ከአፍንጫዬ ሥር አለፉ። ባለፈው ጊዜ እዚህ መጥቼ ከዕቃ ጋር ስታገል አንድም ዓሣ በቅጡ አላየሁም ነበር።

በማግስቱ አርታ የባሕር ዳርቻ ሄድን። ዌል ሻርክ የሚባሉት ግዙፍ ዓሦች ከኅዳር እስከ ጥር ለምግብ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣሉ። እነሱን የምናየው በማስክና በፊን ላይ ላዩን እየዋኘን ስለሆነ ሰደርያዬ ጀልባ ላይ ቀረች። ስለ እነሱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ጀልባው ላይ የሚያበስሉት ጋሼ የድሬዳዋ ሰው ናቸው። ሰደርያዋን እንዲሁ ላጣጥፋት ስል አዩኝና «የኔ ልጅ፣ ጨዉን ይዛ ትደር?» ብለው ከመጠጥ ውሃው ግማሽ ጀሪካን ሰጡኝ። በአፍ መሙያው ውሃ ጨመርኩባት፣ ናጥኳት፣ በታችኛው ማስወጫ አፈሰስኩ። ሁለቴ። ቁልፉን ውሃ ውስጥ እየተጫንኩ አጠብኩት። ጋሼ አጠገቤ ቆመው ጀሪካኑን ያዘነብሉልኛል።

የመመለሻ ነገር ደግሞ አለ። በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል፤ ከፍታ ላይ ግፊቱ ሲቀንስ ሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ሊጎዳው ይችላል። ጀልባው ላይ ያገኘኋት ልጅ «እኔ በባቡር ነው የምሄደው፣ እኔን አይመለከተኝም» አለችኝ። ይመለከታታል። ባቡሩ ከባሕር ጠርዝ ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው የሚወጣው። አዲስ አበባ ራሷ የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ያህል ከፍታ ላይ ናት። ይህን ስነግራት ቲኬቷን በአንድ ቀን አስተላለፈች።

እኔም በረራዬ ነገ ማታ ነው። ሰደርያዬ ከሆቴሉ በረንዳ ላይ በጥቂቱ ተነፍታ ተሰቅላለች። አሁን ስመዝናት 2 ኪሎ ከ800 ሆነች። ገና አልደረቀችም፤ እስከ ነገ እዚያው ትቆይ።