የጀርመንና የህንድ የክሪፕቶ ግብር፦ እኔ እንዴት እንዳወዳደርኩት

ብዙ ሰው የሁለት አገር ግብር ሲያወዳድር ፐርሰንቱን አይቶ ይጨርሳል። እኔ አንድ ነጋዴ ወረቀት ላይ ፈጠርኩና የገዛውን የሸጠውን ክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ) ሁሉ በጀርመንም በህንድም ሕግ አሰላሁለት። ልዩነቱ ፍጥጥ ብሎ የወጣው ያኔ ነው።

ሰውዬው ቢትኮይን በ1,000 ገዝቶ ከ14 ወር በኋላ በ3,000 ሸጠ እንበል። ጀርመን ላይ ግብሩ ዜሮ ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ይዞታላ። ህንድ ላይ ግን አስር ዓመት ቢይዘውም ያው ነው። ከ2,000 ትርፉ 30 በመቶ፣ ማለትም 600 ይቆረጣል። በግብሩ ላይ የሚጨመር 4 በመቶ ስላለ 624 ይደርሳል።

የባሰው ኪሳራ ላይ ነው። በዚያው ዓመት በአንዱ ኮይን (የክሪፕቶ ዓይነት) 2,000 አተረፈ፣ በሌላው 2,000 ከሰረ፣ ሁለቱንም የያዛቸው ለጥቂት ወራት ነው። ጀርመን ይቻቻሉለታል፣ ማለትም ኪሳራው ከትርፉ ይቀነስለታል፣ የሚከፍለው የለም። ህንድ ማቻቻል ክልክል ነው። ሰውዬው አምስት ሳንቲም ሳያተርፍ 624 ይከፍላል! ከተወሰነ መጠን በላይ ሲሸጥ ደግሞ 1 በመቶ ዊዝሆልዲንግ (ሲሸጥ ወዲያው ተቀንሶ የሚያዝ ቅድመ ግብር) አለ፤ የሚቆረጠው ከሽያጩ ዋጋ ስለሆነ በኪሳራም ቢሸጥ አይቀርለትም። ቢያንስ ይሄኛው በኋላ ከዓመቱ ግብር ላይ ይታሰብለታል።

ጀርመንም ገነት አይደለችም። ዓመት ሳይሞላ ከተሸጠ ትርፉ ከሌላው ገቢ ጋር ተደምሮ እስከ 45 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ቢትኮይንን ኢቴሪየም በሚባለው ሌላ ኮይን መለወጥም ሽያጭ ነው፣ ለአዲሱ ኮይን ዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል። ከ1,000 ዩሮ በታች የሆነ የዓመት ትርፍ ነፃ ነው፤ 1,100 ከሆነ ግን ግብር የሚታሰበው በ100ዋ ላይ ብቻ መስሎ ይታያል እንጂ በሙሉው 1,100 ላይ ነው።

የቁጥጥሩን ጉዳይ ለብቻው አየሁት፣ ምክንያቱም ግብር ተጣለበት ማለት ሕጋዊ እውቅና አገኘ ማለት አይደለም። ህንድ ጥሩ ማሳያ ናት። ማዕከላዊ ባንኳ በ2018 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) ባንኮች ክሪፕቶ ነጋዴዎችን እንዳያስተናግዱ ከለከለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2020 ሻረው። በ2022 ግብሩ መጣ፣ በ2023 ክሪፕቶ የሚገዛባቸውና የሚሸጥባቸው መድረኮች ገንዘብ ማጠብን በሚከለክለው ሕግ ስር ገቡ። ጀርመን ውስጥ ባፊን የሚባለው ተቆጣጣሪ ፈቃድ ይሰጣል፤ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሚካ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ነው። ሚካ ግብርን አይነካም፣ ስለዚህ በአንድ አገር የተሰጠ ፈቃድ ኅብረቱን ሁሉ ቢያዳርስም ግብሩ እንደየአገሩ ነው።

እንዲህ ስትሰሩ እያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ዓመቱን ጻፉ። የጀርመኑ 1,000 ዩሮ እስከ 2023 ድረስ 600 ነበር፣ አሁንም 600 የሚል ጽሑፍ ሞልቷል።