ሰባት ሰከንድ

በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። የቀጥታ ስርጭታችን ከስቱዲዮ ወጥቶ አድማጭ ዘንድ እስኪደርስ ሰባት ሰከንድ ይዘገይ ነበር። መዘግየቱ የተዘጋጀው ለክፉ አጋጣሚ ነው፤ ነውር ቃል ከተሰማ በቀኝ እጄ በኩል ያለውን ቁልፍ ስጫን ቃሉ አየር ላይ ሳይውል ይቀራል።

አንድ ማለዳ የሚንተባተብ ወጣት ደወለ። በዕለቱ ርእስ ላይ ጥያቄ ነበረው። የመጀመሪያው ቃል ላይ ተይዞ ሲታገል፣ አቅራቢው ድምፁን እያስመሰለ ይንተባተብ ጀመር። ከዚያም «ስትጨርስ ቀስቅሰን» አለውና መስመሩን ዘጋበት። ከመስታወቱ ወዲህ ያሉት የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ሳቁ። እጄ ቁልፉ ላይ ነበር። አልተጫንኩትም። ሰውየው የጣቢያው ዝነኛ አቅራቢ ነው፤ ሳቁ ሞቅ ብሏል፤ ብቆርጠው ምን እባላለሁ? ይህን ሳስብ ሰባቱ ሰከንድ አለቀ።

ቅሬታ መጣ። አቅራቢው ለአንድ ሳምንት ታገደ፤ ተመልሶም «ቅር የተሰኛችሁ አድማጮች ካላችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን» ብሎ ሙዚቃ አስገባ። እኔን ማንም ምንም አልጠየቀኝም። የሳቁትንም እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ ነው በየአገሩ የሚደርሰውን እንዲህ ያለ ነገር በጥሞና መከታተል የጀመርኩት።

አሜሪካዊው የሬዲዮ አቅራቢ ዶን አይመስ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 4 ቀን 2007 የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ሴት ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ዘራቸውንም ሴትነታቸውንም በሚያዋርድ ቃል ሰደባቸው። ልጆቹ በብሔራዊው የፍጻሜ ጨዋታ በተሸነፉ ማግሥት ነበር። መጀመሪያ የተነገረው ቅጣት የሁለት ሳምንት እገዳ ነው። ከዚያ ትልልቅ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ተራ በተራ ራሳቸውን አገለሉ፤ ሚያዝያ 12 ቀን አሠሪው ሲቢኤስ አሰናበተው። ስድቡ በእነዚያ ስምንት ቀናት ውስጥ አልከፋም፤ የተለወጠው የገንዘቡ ስሌት ነው። ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል። ሰውየውን ግን በአንድ ነገር አከብረዋለሁ፦ በተባረረበት ዕለት ማታ ተጫዋቾቹንና አሠልጣኛቸውን ፊት ለፊት አግኝቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ እነሱም ተቀበሉት። ዓመቱ ሳያልቅ በሌላ ጣቢያ ወደ ሬዲዮ ሲመለስ ቅር ያላቸው ነበሩ። እኔ አልተቃወምኩም። የተሰደቡት ይቅር ካሉት እኔ ማን ነኝ?

ከሁሉ በላይ ወደ ራሴ የሚመልሰኝ ግን የቢቢሲ ሬዲዮ 2 ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 አቅራቢዎቹ ራስል ብራንድና ጆናታን ሮስ የ78 ዓመቱ ተዋናይ አንድሪው ሳክስ የስልክ መልእክት መቀበያ ላይ ስለ ልጅ ልጁ ጸያፍ ነገር ተናገሩ። ይህ የቀጥታ ስርጭት አልነበረም። ተቀርጾ ነው የተላለፈው፤ ያውም ከቀናት በኋላ። እኔ ሰባት ሰከንድ ነበረኝ፣ እነሱ ቀናት። ብራንድ ሥራውን ለቀቀ፤ ሮስ ለ12 ሳምንታት ያለ ደመወዝ ታገደ፤ የብሪታንያ የስርጭት ተቆጣጣሪው ኦፍኮም ቢቢሲን 150,000 ፓውንድ ቀጣ። የሬዲዮ 2 ኃላፊዋ ሌስሊ ዳግላስም ሥራዋን ለቀቀች። አንድ ኃላፊ «እኔም አለሁበት» ብሎ ወንበሩን ሲለቅ ያየሁበትን ሌላ ጉዳይ ለማስታወስ እቸገራለሁ።

ስለ ይቅርታ አጠያየቅም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 የቤዝቦል ጨዋታ አስተላላፊው ቶም ብሬናማን ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑን ሳያውቅ ግብረ ሰዶማውያንን ሰደበ። ጨዋታው እየቀጠለ ሳለ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ፤ በዚያው መሃል አንድ ተጫዋች ኳሷን አርቆ ሲመታ ይቅርታውን አቋርጦ ምቱን አስተላለፈና ወደ ይቅርታው ተመለሰ። ሥራ የለመደ አፍ ነውና ይገባኛል። ቢሆንም ይቅርታ ሌላ ሥራ እየሠሩ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። የእኛው አቅራቢም ከሙዚቃ በፊት ባለች ጠባብ ክፍተት ነው የወረወረው፤ ለዚያውም «ቅር የተሰኛችሁ ካላችሁ» ብሎ። «ካላችሁ» ምን ማለት ነው? የተሰደበው አንድ ሰው ነው፤ ስልክ ቁጥሩም መዝገባችን ላይ አለ።

መንግሥት በየስቱዲዮው ይግባ እያልኩ አይደለም። ለግድያ የሚያነሳሳ ንግግር የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፤ የሩዋንዳው ሬዲዮ ጣቢያ የአርቲኤልኤም አቅራቢ የነበረው ዦርዥ ሩጂዩ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሩዋንዳ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት 12 ዓመት የተፈረደበት ለዚህ ነው። ስድብና ፌዝ ግን በጣቢያው ውስጥ መዳኘት አለበት፤ ሲዳኝም የተናገረው፣ ያሳቀው፣ ያልቆረጠውና በዚያ አቅራቢ ማስታወቂያ የሚሸጠው ሁሉ ሊጠየቅ ይገባል።

ከወር በኋላ በራሴ ስልክ ለወጣቱ ደወልኩለት። ቁልፉን ያልተጫንኩት እኔ መሆኔን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ብዙ ዝም አለ። ስለ ስድቡ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ጥያቄውን በጽሑፍ ቢልክ ይነበብለት እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ። ላከልኝ። ለፕሮግራም ኃላፊው ወስጄ፣ አቅራቢው ራሱ አየር ላይ እንዲያነበውና ስሙን ጠርቶ ይቅርታ እንዲጠይቀው ለመንኩ። «ያ ጉዳይ ተዘግቷል» አለኝ። ወረቀቱ አሁንም እኔ ጋር ነው። ጥያቄው ሁለት መስመር ነው።