ጀማ ወንዝ ላይ ያገኘኋት ባለጢም ዓሣ

ከሙከጡሪ እስከ ለሚ ያለው መንገድ ሜዳ ለሜዳ ነው። መስከረም ስለነበር አደይ አበባው ፈንድቷል። ለሚን ካለፉ በኋላ ግን ሜዳው ድንገት ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል። ደጋው ላይ ጋቢ ያስፈልጋል፤ ታች ድልድዩ ጋ ሸሚዝም ይከብዳል።

ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ወደ ዓለም ከተማ ቀጠሉ። እኔ የመጣሁት ለዓሣ ስለሆነ ድልድዩ ጋ ወረድኩ።

ጀማ ገና ድፍርስ ነው። ከድልድዩ ራቅ ብላ የምትቀላቀለው ትንሽ ገባር ግን ጠርታለች፣ ሥሯ ያለው ጠጠር ይታያል። መገናኛው ላይ አንድ ወጣት መንጠቆ ጥሎ ተቀምጧል።

"ቀናህ ወንድሜ?"

"አንድ አለች ጋሼ" አለና ከማዳበሪያ ከረጢት አወጣልኝ።

ባርበስ ናት፣ አንድ ክንድ ትሆናለች። ቅርፊቷ ትልልቅ፣ ሆዷ ወርቅማ። አፏ ዳርና ዳር ሁለት ሁለት ጢም አላት። ሆዷን ጫን ሲያደርገው ቢጫ እንቁላል መዳፉ ላይ ፈሰሰ።

ያለ ምክንያት አልመጣችም። ባርበስ የሚኖረው ትልቅ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ነው። ክረምቱ ጋብ ሲል ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል ሽቅብ ወደ ገባሮች ይወጣሉ። ድፍርስ ውሃ ውስጥ ደለሉ እንቁላሉን ያፍነዋል። ጠጠር ላይ የሚፈስ ንጹህ ውሃ ግን ኦክስጅን አለው፤ እንቁላሉም ጠጠሩ መሃል ተሸሽጎ ይፈለፈላል።

ጢሞቿን ሳይ ስተርጅን የምትባለው የፈረንጅ አገር ዓሣ ትዝ አለችኝ። እሷም አፏ ፊት አራት ጢም አላት፤ በቅርፊት ፈንታ ግን ጎኗና ጀርባዋ ላይ የአጥንት ሰሌዳ ደርድራለች። ከስተርጅን ዝርያዎች ትልቋ ቤሉጋ ከጥቁር ባሕር ተነስታ የዳኑብን ወንዝ ሽቅብ ረጅም መንገድ ትጓዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ሰርቢያና ሩማንያ ድንበር ላይ ግድብ ተሠራና መንገዷ ተቆረጠ። ሴቷ ለእንቁላል የምትደርሰው 15 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ቆይታ ነው። እንቁላሏ ደግሞ ካቪያር ተብሎ በውድ ስለሚሸጥ ሳትወልድ ትታረዳለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምገማ፣ የቀሩት 26ቱም የስተርጅንና የቅርብ ዘመዶቿ ዝርያዎች ስጋት ላይ ናቸው።

ይህ የፈረንጅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ጣና ላይ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚወልዱት የባርበስ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሰዋል። ዋናው ምክንያት፣ ለመውለድ ወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰቡ መረብ መዘርጋቱ ነው።

ከማሾ ማሳቸው የመጡ አንድ አባት አጠገባችን አረፍ አሉ።

"ድሮ በዚህ ሰሞን ዓሣው ይህችን ውሃ ሞልቷት ይወጣ ነበር፤ አሁን ከላይ ዓሣውን ለመመረዝ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጠው ይበትኑበታል። በጋ ደግሞ የሽንኩርቱ ሞተር ውሃውን ይጨርሰዋል" አሉኝ።

ብርብራው በጣም ያናድደኛል። ጥቂት ትልልቅ ለመልቀም ጫጩቱን ሳይቀር ይፈጃል። ሞተሩን ግን ማንም ይቁም ሊል አይችልም፤ ሽንኩርቱ የሰው እንጀራ ነው። ዓሣው የሚፈልገውም ብዙ አይደለም፤ እስከ ጥቅምት ድረስ ገባሮቹን መተው ነው። ይህንኑና የጣናውን ለወጣቱ ነገርኩት።

"ትልቁ ወንዝ እኮ አሁን መንጠቆ አያስጥልም ጋሼ" አለ። እውነቱን ነው።

"እሱ በመንጠቆ አንድ ሁለት ቢይዝ ምን አላት!" አሉ አባት። "ብርብራውን ነው ማስቆም። እኔ ለቀበሌው ስብሰባ አነሳዋለሁ፤ አንተም የጣናውን ጽፈህ ላክልኝ።"

ስልካቸውን ይዣለሁ፤ ጽሑፉን በዚህ ሳምንት እልክላቸዋለሁ።