ዉድብሪጅ ቤት ገዛን፣ መንገዱም አብሮ መጣ

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለምኖርበት የቨርጂኒያ ከተማ «ዉድብሪጅ እንዴት ነው ባክህ፣ ሚስቴ ቤት ካልገዛን ብላ ይዛኛለች» አለኝ። ስለ ቤቱ ልነግረው ጀምሬ ምሳ ሰዓታችን ሲያልቅ ስለ መንገድ ብቻ እያወራሁ ነበር። እሱ ሲሄድ ነው እንግዲህ ይሄን ነገር ልጻፈው ያልኩት።

እኛ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ለዲሲ የቀረበው አሌክሳንድሪያ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ሰባት ዓመት ተከራይተን ኖረናል። እንጀራው ታች ሱቅ አለ፣ ሥራዬም በአውቶብስና በሜትሮ ይደረሳል፣ ልጆቹ ግን አደጉና ቤቱ ጠበበን። ደግሞ ለቅሶ ሂድ ክርስትና ሂድ «ኪራይ ማለት እኮ የሰው ሞርጌጅ (የቤት ብድር) መክፈል ነው» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። 2021 መጀመሪያ ላይ የ30 ዓመት የቤት ብድር ወለድ ከ3 በመቶ በታች ወርዶ ሳለ እኔ ብልጡ «ቆይ ትንሽ፣ ዋጋው ይወርዳል» ብዬ ጠበቅኩ። ዋጋው አልወረደም፣ ወለዱ ግን ወጣ፣ 2023 ላይ ስንገዛ 7 በመቶ ነው የደረሰን።

ገንዘቡን ያጠራቀምነው በእቁብ ነው። 20 ሰው፣ በወር 1,000 ዶላር፣ እጣው ለኔ የመጨረሻ ላይ ስለወጣ ያው የራሴው ቁጠባ ማለት ነው። በደስታ ባንክ አስገባሁት። ከዛ ብድሩን የያዘችልን ሎን ኦፊሰር የሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት ጠየቀችና «ይሄ 20,000 ከየት መጣ?» አለች። እስቲ እቁብን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞክሩ! ብድር ነው? አይደለም። ስጦታ ነው? አይደለም። ደሞዝ? እሱም አይደለም። የእቁቡ ዳኛ ደብዳቤ ጽፎ ፈረመልኝ፣ ጸሐፊው የመዝገቡን ፎቶ ላከ፣ አንደርራይተር የሚባለው፣ ብድሩን የሚያጸድቀው ሰውዬ ግን (በዓይኔ አይቼው አላውቅም፣ መጋረጃ ጀርባ ሆኖ ነው የሚፈርደው) አልቀበልም አለ። የቀረን ነገር ብሩ ሁለት ስቴትመንት እስኪያልፈው ዝም ብሎ መጠበቅ ነበር፣ ስንጠብቅ ስንጠብቅ የወደድነው ባለ ጋራዥ ቤት ተሸጠ። ሚስቴ እስከዛሬ የምትቆጨው በጋራዡ ነው፣ መኪና ልታቆምበት እንዳይመስላችሁ፣ ቁሌት ልታቁላላበት ነበር። ለማንኛውም በእቁብ ቤት ለመግዛት ካሰባችሁ መዋጮውን በካሽ ሳይሆን በባንክ በኩል ክፈሉ፣ እጣው ሲወጣም ብሩን ቶሎ አስገቡትና ይቀመጥ።

በመጨረሻ ያለ ጋራዥ አንድ ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) አገኘን። 400,000 በ7 በመቶ ስትበደር በወር 2,661 ዶላር ይመጣል፣ የመጀመሪያው ወር ላይ ከዚህ ውስጥ 2,333ቱ ወለድ ነው፣ ከእዳው የሚቀነሰው 328 ብቻ። ወረቀቱን አይቼ ሚስቴን «የገዛነው የበሩን እጀታ ብቻ ነው» አልኳት። ያው ብድር 2021 ላይ በነበረው 2.65 በመቶ ቢሆን ኖሮ 1,612 ነበር፣ ይሄን ያሰላሁት ከክሎዚንግ (ከመጨረሻው ፊርማ) በኋላ መሆኑ በጀኝ። ታክሱ፣ ኢንሹራንሱ፣ ኤች ኦ ኤው (የሰፈሩ ማኅበር መዋጮ)፣ 20 በመቶ ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) ስላልከፈልን የተጨመረብን ፒ ኤም አይ የሚባለው የብድር ኢንሹራንስ ገና አልተነካም። እናቴ አዲስ አበባ ሆና እልል ብላ ጎረቤት ጠራች፣ «እማዬ የባንክ እኮ ነው» ብላት «አንተ ደግሞ ምቀኛ ፈርተህ ነው» አለችኝ።

አሁን ወደ መንገዱ። ከዉድብሪጅ ሥራዬ ያለበት ዲሲ 25 ማይል ገደማ ነው፣ ቤቱን ያየነው ደግሞ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስለሆነ 95 የሚባለው ሀይዌይ ባዶ ነበር፣ ሪልተራችንም (ቤት አሻሻጩ፣ ሀበሻ ነው፣ ጎበዝ ልጅ) «አየህ፣ ቅርብ እኮ ነው» አለኝ። እሁድ! ማክሰኞ ጠዋት በተራው መስመር አንድ ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል፣ ማታ ስትመለስ ደግሞ ቤትህ ልትደርስ ትንሽ ሲቀርህ ኦኮኳን ወንዝ ድልድይ ጋ ትገተራለህ። ኤክስፕረስ ሌን የሚባል በክፍያ የሚኬድበት ፈጣን መስመር አለ፣ ግን ክፍያው እንደ ትራፊኩ ስለሚወጣ የባሰበት ቀን የምሳህን ብር ይበላል። መኪናው ውስጥ ሦስት ሰው ካለና ኢ ዚ ፓስ የሚባለው የመንገድ መክፈያ መሣሪያ፣ ያውም ለሦስት ሰው የሚቀየረው ዓይነት፣ ካለህ ግን ነፃ ነው።

እኔን ያዳነኝ ይሄ የሦስት ሰው ነገር ነው። ሆርነር ሮድ የሚባል ከ2,000 መኪና በላይ የሚይዝ ፓርኪንግ አለ፣ ጠዋት እዛ ሰልፍ ትይዛለህ፣ ብቻውን የመጣ ሹፌር ሁለት ሰው ጭኖ በነፃው መስመር ይሄዳል። «ስላጊንግ» ይሉታል፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። አንድም ሳንቲም አይከፈልም፣ ወያላ የለም፣ ወራጅ አለ የለም፣ ደንቡ ግን እንደ ሱባኤ ነው፣ ሹፌሩ ካላወራህ አታወራም፣ ስልክ አታወራም፣ መስኮት አትነካም። እኔ በሀበሻ ከሌሊቱ 10 ተኩል ተነስቼ 11 ተኩል ሰልፍ ላይ ነኝ፣ ልጆቼን ጠዋት የማያቸው ቅዳሜና እሁድ ነው።

ቤቱ ግን ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ልጆቹ የየራሳቸው ክፍል አላቸው፣ ፋሲካ ላይ 30 ሰው ገብቶ ማንም ከታች ጣራ አልደበደበብንም። ከኤች ኦ ኤው ሁለት ደብዳቤ መጥቶልናል፣ አንዱ ሳሩ ረዘመ፣ አንዱ የቆሻሻ ገንዳው ከመንገድ ይታያል የሚል። ለቤቱ እየከፈልኩ ስለ ገንዳዬ ደብዳቤ ይጻፍልኛል።

ለባልደረባዬ ያልኩት ይሄን ነው፣ ኩሽናውን ከማየትህ በፊት ማክሰኞ ሌሊት ተነስና ከዛ ቤት በር ላይ ጀምረህ ሥራህ ድረስ ንዳ፣ ማታም ተመለስ፣ ከዛ ሚስትህን አናግራት።

ባለፈው ወር የገባሁበት ቶዮታ ስፖኪዮው ላይ መስቀል ተንጠልጥሏል። ሹፌሩ ዞር ብሎ አላየኝም፣ እኔም በደንቡ ዝም፣ ከኋላ አንድ ፈረንጅ ተኝቷል። ዲሲ 14ኛው ጎዳና ላይ ልወርድ ስል አምልጦኝ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። «እንዴ ወንድሜ! ከሆርነር ሮድ ጀምሮ አፌን ይዤ እኮ ነው የመጣሁት!» አለኝ፣ ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባውን እየነፋብን ስልክ ተለዋወጥን። አሁን ሰኞና ሐሙስ አብረን ነን፣ ሦስተኛውን ሰው ከሰልፍ እናነሳለን፣ ምስኪን እሱ በደንቡ ዝም ብሎ መስኮቱን ያያል፣ እኛ እስከ ዲሲ ድረስ እናወራለን።